ካሜራ ፍለጋ፦ በ70 ሺህ ብር፣ ከደብረ ማርቆስ

መስከረም፣ ከመስቀል በኋላ

ዘንድሮ ካሜራ እገዛለሁ። ያጠራቀምኩት 70 ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ የለም። ሥራዬ ማስተማር ነው። ፎቶ የቅዳሜና እሑድ ፍቅሬ ነው። ሰርግ አላነሳም፣ ተከፍሎኝም አልሠራም። የማነሳው ሰው ነው። ጎዛምን ገጠር ያሉ ዘመዶቼን፣ አጨዳውን፣ ውቂያውን፣ ገበያውን፣ በዓሉን። እስካሁን ሁሉም በስልክ ነበር።

ማስታወሻውን የምጽፈው እየመረጥኩ ሳለሁ ነው። ሰው ከገዛ በኋላ ሲጽፍ የገዛውን ማወደስ ይቀናዋል። የኔ ምክንያቶች ገና ትኩስ ሳሉ እንዲቀመጡ እፈልጋለሁ። ገንዘቡ የተቆጠረ፣ ከአዲስ አበባ ርቆ የሚኖር ፎቶ ወዳጅ ይጠቀምባቸው ይሆናል።

ሥራውን የጀመርኩት ካሜራ በማየት አይደለም፣ የራሴን ፎቶዎች በማየት ነው። ስልኬ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ከፍቼ የተበላሹትን ለየሁ። ከዚያ እያንዳንዱ ለምን እንደተበላሸ ጎኑ ላይ ጻፍኩ። ሰበቦቹ ብዙ ይሆናሉ ብዬ ነበር፤ ተሰብስበው ጥቂት ሆኑ።

አንደኛው ጨለማ ነው። አክስቴ ማድ ቤት ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ፊቷ እንደ ሰም የቀለጠ ነው። ስልኩ ጨለማውን ለማሸነፍ ሲል ቆዳውን ያለሰልሰዋል፤ የፊቷ መስመር ሁሉ ይጠፋል። ሁለተኛው ርቀት ነው። በዓል ላይ ሕዝቡን አልፌ መቅረብ አልችልም፤ የስልኩ ዙም ደግሞ ምስሉን ቆርጦ ማተለቅ ብቻ ነው። ሦስተኛው እንቅስቃሴ ነው። አውድማ ላይ የሚዞሩት በሬዎች እግራቸው ጭስ መስሏል። አራተኛው ነጠላ ነው። እኩለ ቀን ላይ ወይ ነጠላው ተቃጥሎ ነጭ ጉድጓድ ይሆናል፣ ወይ ፊቱ ይጠቁራል።

ይህ ዝርዝር ከዚህ በኋላ የማየው ዕቃ ሁሉ መመዘኛዬ ነው። ስለ ቪዲዮ አንድም መስመር የለበትም። ስለዚህ ለቪዲዮ ብቻ ተብሎ የሚጨመርን ዋጋ አልከፍልም።

ጥቅምት፣ መጀመሪያው ሳምንት

ፎቶ ቤት ያላቸው አንድ ጎረቤት አሉኝ። ሰፈሩ ሁሉ አያ ይላቸዋል። ከፊልም ዘመን ጀምሮ ሰው አንስተዋል። ዝርዝሬን ይዤ ሄድኩ።

«ስንት ብር አለህ?» አሉኝ መጀመሪያ።

ነገርኳቸው።

«ታዲያ ካሜራ ካሜራ አትበል። ሌንስ በል። ሳጥኑ ይለዋወጣል፣ ሌንሱ ግን ይከርማል።»

አዲስ ካሜራ ከጨዋታ ውጪ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል። 70 ሺህ ብር አዲስ ካሜራ ላይ ቢውል ለሌንስ የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ያገለገለ ላይ ከዋለ ግን አካሉም (ማለትም ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) ሌንሱም ይደርሳል።

አያ የራሳቸውን ካኖን 600ዲ ከነሌንሱ አዋሱኝ። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ካሜራ ነው። ዛሬም መታወቂያ፣ ክርስትናና ምርቃት ያነሱበታል።

«ይዘህ ሂድና አክስትህ ማድ ቤት ሞክረው። እዚያ የሠራልህ ሁሉም ቦታ ይሠራልሃል።»

ጥቅምት፣ ቅዳሜ

ሞከርኩት። እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልጻፍ፤ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው።

ማድ ቤቱ አንዲት ጠባብ መስኮትና አንድ በር አለው። ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሯል። ብርሃኑ ከበሩና ከምጣዱ ሥር ካለው እሳት ነው። አክስቴ ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ ወደ መሐል እያዞረች ታፈስሳለች። እኔ የምፈልገው ያንን እጅና ያንን ፊት ነው።

«አንተ ልጅ፣ በዚህ ጨለማ ምኑን ታነሳዋለህ?»

«አንቺ ጋግሪ፣ እኔ እሞክራለሁ።»

ካሜራው ላይ ያለው የተለመደው 18-55 ኪት ሌንስ ነው፤ ካሜራው ሲሸጥ አብሮት የሚመጣው። ፊቷን ለማቅረብ እስከ 55 ሳስረዝመው አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። አይኤስኦውን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ 3200 አደረግኩት። ካሜራው የሰጠኝ ፍጥነት፣ ማለትም መዝጊያው (ሹተሩ) ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ 1/8 ሰከንድ ነው። ሌንሱ መንቀጥቀጥ መከላከያ ስላለው ግድግዳውና ምጣዱ ጥርት ብለው ወጡ። የአክስቴ እጅ ግን የለም፤ በቦታው ጥላ አለ። መከላከያው የኔን እጅ ያረጋል እንጂ የእሷን አያቆምም።

ቀጥሎ አያ በኪሴ የሸጎጡልኝን ትንሽ ሌንስ ገጠምኩ። 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8፤ ዙም የሚባል ነገር የለውም። ቦታው ያው፣ አይኤስኦው ያው 3200። ፍጥነቱ ከ1/8 ወደ 1/80 ዘለለ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 5.6ን ለ1.8 አካፍለህ ውጤቱን በራሱ ስታባዛው 10 ሊሞላ ትንሽ ይጎድለዋል። ይኸኛው ሌንስ ከዚያኛው አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። በ1/80 የሊጡ ክር በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። የእጇ ጅማት ይታያል። በግንባሯ ላይ የእሳቱ ቀለም አለ።

ካሜራው አልተቀየረም። የተቀየረው ሌንሱ ብቻ ነው።

አንድ ችግር ግን አለ። በ600ዲ ዓይነት ትንሽ ሴንሰር (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል) ላይ ካኖን እይታውን በ1.6 ያጠብበዋል። 50ው እንደ 80 ሆኖ ያያል። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌም ከፊትና ከእጅ በላይ አይገባልኝም። ምጣዱን፣ አክንባሎውን፣ ጉልቻውንና አክስቴን በአንድ ላይ ለማንሳት ሰፋ ያለ ሌንስ ያስፈልጋል። ለዚህ ካኖን የሠራው 24 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ቀጭን ሌንስ አለ፤ በዚህ ሴንሰር ላይ ወደ 38 ይጠጋል። ከ50ው ያነሰ ብርሃን ያስገባል፣ ግን ማድ ቤት ውስጥ ይተነፍሳል። በሐሳቤ መዝገብ ላይ አስቀመጥኩት።

ጥቅምት መጨረሻ

አሁን ስለ አካሉ። ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ካሜራ ከሚሸጡት ቻናሎች ዋጋ ስከታተል ሰነበትኩ። በአቅሜ ዙሪያ ደጋግመው የሚመጡት እነዚህ ናቸው፦ ካኖን 600ዲ፣ 700ዲ፣ አልፎ አልፎ 70ዲ፣ ኒኮን ዲ3200፣ ዲ7000፣ ምስሉን በውስጥ መስታወት ሳይሆን በትንሽ ስክሪን ከሚያሳዩት መስታወት አልባዎቹ ደግሞ ሶኒ ኤ6000።

ሶኒውን ቶሎ ተውኩት። ጥሩ ካሜራ ነው። በሰከንድ 11 ፎቶ ያነሳል፣ ቀላል ነው፣ ፎከሱም ፈጣን ነው። ግን ባትሪው ትንሽ ነው፤ በአንድ ቻርጅ 300 እና 400 መሐል ነው የሚያነሳው። እኛ ዘንድ መብራት ጠፍቶ ሊያድር ይችላል። ገጠር ወርጄ ሳድር ደግሞ ሶኬት ጭራሹን የለም። የመስታወት ካሜራዎቹ በዓይን አጮልቀህ ስታይባቸው ባትሪ አይበሉም ማለት ይቻላል። ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ኒኮንን ግን ቶሎ መተው አልቻልኩም። እውነቱን ለመናገር በሴንሰር ኒኮኖቹ ይበልጣሉ። ዲ3200 ባለ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ዲ7000 ባለ 16። ሁለቱም የጠቆረን ቦታ በኋላ በኮምፒውተር ስታበራው የዚያ ዘመን ካኖኖች የማይሰጡህን ይሰጡሃል። ካኖኑ ላይ ጥላውን አብዝተህ ከሳብከው መስመር መስመር ያለው ነጠብጣብ ይመጣል። የኔ አራተኛ ችግር ደግሞ ነጠላና ፊት ነው፤ በቀጥታ ይነካኛል። ኒኮን ለዚሁ ሴንሰር የሠራው 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስም ለማድ ቤት ከካኖኑ 50 የተሻለ ስፋት አለው።

ኒኮን ሲገዛ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ዲ3200 በውስጡ የፎከስ ሞተር የለውም። ስለዚህ ሞተር በሌላቸው የድሮ ኒኮን ሌንሶች ፎከሱን በእጅህ ነው የምታዞረው። ዲ7000 ግን ሞተር አለው። ርካሽ አሮጌ ሌንስ እገዛለሁ የሚል ሰው ይህን ሳያጣራ ገንዘብ አያውጣ።

ታዲያ ለምን ወደ ካኖን አዘነበልኩ? በአያ ምክንያት። እኔ በቅርብ የማውቃቸው የከተማችን አንሺዎች ካኖን ነው የያዙት። ሌንስ ብዋስ ከእነሱ ነው፣ ቻርጀር ቢጠፋኝ ከእነሱ ነው። የአያ 600ዲ ባትሪና የ700ዲ ባትሪ አንድ ነው፤ ኤልፒ-ኢ8 ይባላል። ይህ በየትኛውም የካሜራ ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ላያስጨንቀው ይችላል፤ ሱቁ ቅርቡ ነው። ደብረ ማርቆስ ላለ ሰው ግን ጎረቤቱ ምን እንደያዘ ማወቅ ከሜጋፒክስል ይበልጣል። በዚህ አልደራደርም።

ከካኖኖቹ የትኛው? 70ዲ ያምራል። 19 የፎከስ ነጥቦች አሉት፣ በሰከንድ 7 ያነሳል፣ ባትሪውም ትልቅ ነው። ግን እሱን ከገዛሁ የሌንሱ ገንዘብ አለቀ፤ ደግሞም ባትሪው ከአያ ጋር አይገጥምም። 600ዲ ደግሞ ከ9ኙ ነጥቦቹ ጠንካራው የመሐሉ ብቻ ነው። 700ዲ ላይ 9ኙም ጠንካሮች ናቸው፤ በሰከንድ 5 ያነሳል፣ 600ዲ ግን 4 አይሞላም። ሴንሰራቸው ሁለቱም 18 ሜጋፒክስል ነው፤ በምስል ጥራት ይህ ነው የሚባል ልዩነት የላቸውም። ልዩነቱ የሚወጣው በእንቅስቃሴ ላይ ነው። እንቅስቃሴ ደግሞ ዝርዝሬ ላይ አለ። ስለዚህ 700ዲ።

ኅዳር፣ በሚካኤል ሰሞን

ባልደረቦቼ «18 ሜጋፒክስል አያንስም ወይ? ስልኬ እንኳ 50 አለው» ይሉኛል። አጭር መልስ ልጻፍ። የ700ዲ ፎቶ ወርዱ 5184፣ ቁመቱ 3456 ነጥብ ነው። በጥሩ የኅትመት ጥራት፣ ማለትም በኢንች 300 ነጥብ፣ ወደ 44 በ29 ሳንቲሜትር ይታተማል። እኔ ለዘመዶቼ የማሳትመው 13 በ18 ነው። አለቀ።

የዚህ ሳምንት ዋና ነገር ሻጭ ነው። አንድ ሰው 700ዲ አለኝ አለ። ፎቶውም ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይረክሳል። «ሙሉ ክፍያውን አስገባልኝና በአውቶቡስ እልክልሃለሁ» አለኝ። ካሜራውን ሳላየው አልከፍልም አልኩት። «እሺ ቀብድ ላክ፣ ሌላ ፈላጊ አለ» አለ። ቀብድም አልላክሁም። ካሜራውን የዛሬ ቀን ከተጻፈበት ወረቀት ጋር ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ከዚያ ወዲህ መልስ የለም።

ይህን ጥያቄ አስቀድሞ መጠየቅ ጥሩ ነው። ዕቃው እጁ ላይ ያለ ሰው ደቂቃ አይፈጅበትም።

ታኅሣሥ

ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ ስለምወርድ ሁለት ሻጮች ቀጠርኩ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ። ለካሜራ ብቻ ተብሎ አይወረድም። ላፕቶፕ፣ ኬብል፣ የራሴን ሜሞሪ ካርድና ትንሽ የእጅ ባትሪ ያዝኩ።

የ700ዲው ሻጭ ወጣት ነው። ካፌ ውስጥ እንገናኝ አለኝ፤ እኔ ግን በረንዳው ይሻለኛል አልኩ። ለፍተሻ የቀን ብርሃንና ሰማይ ያስፈልጋል።

«ብሮ፣ ኮንዲሽኑ አሪፍ ነው፣ ብዙ አልተሠራበትም» አለኝ።

የፈተሽኩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ሌንሱን አውልቄ አፉን አየሁ። ቀለበቱ መቧጨሩ ግድ ነው፤ የማየው ብሎኖቹን ነው። የብሎን ራስ ከተላጠ ካሜራው ተከፍቷል ማለት ነው። ደህና ነው። ከዚያ የካርዱን ማስገቢያና አናቱ ላይ ያለውን የፍላሽ መግጠሚያ። የስክሪኑን ማጠፊያ ደጋግሜ ዘርግቼ አጠፍኩት፤ ምስሉ አልጠፋም፣ አልበለጨም። እያንዳንዱን ቁልፍ ተጫንኩ።

ቀጥሎ አፐርቸሩን ኤፍ 22 አድርጌ ሰማዩን አነሳሁ። አፐርቸር ሲጠብ ሴንሰር ላይ ያለ አቧራ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ጥቂት ነጥቦች አሉ። አቧራ ይጸዳል፣ አያስፈራም። የሚያስፈራው ቦታውን የማይለቅ ጭረት ነው፤ እሱ የለም። የሌንሱን ክዳን ገጥሜ 30 ሰከንድ አነሳሁ፤ ጨለማው ላይ የሚያበሩ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ካሉ የተበላሹ ፒክስሎች ናቸው። አንድ ሁለት አሉ፤ በዚህ ዕድሜ ምንም አይደለም።

ስንት ፎቶ እንደተነሳበት ማወቅ ነበር ከባዱ። ብዙ ኒኮኖች ቁጥሩን ፎቶው ውስጥ ይጽፉታል። ካኖን በዚህ ክፍል ካሜራዎቹ ላይ አይጽፍም። የፋይሉ ስም ላይ ያለው ቁጥር 9999 ሲደርስ ወደ 1 ይመለሳል፣ በእጅም ይቀየራል፤ ስለዚህ ማስረጃ አይሆንም። በኬብል አገናኝቶ የሚያነብ ፕሮግራም ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ነበር። ወደ 21 ሺህ አነበበልኝ። የዚህ ደረጃ ካሜራ ሹተር 100 ሺህ ገደማ እንደሚችል ይነገራል። ልጁ እውነቱን ነው፣ ብዙ አልተሠራበትም።

መጨረሻ ላይ አብሮት የሚሸጠውን 18-55 ሌንስ አነሳሁ። ከኋላው የእጅ ባትሪውን አብርቼ በፊት በኩል አየሁት። ውስጠኛው መስታወት ዳር ላይ ቀጭን ነጭ ክር ተዘርግቷል፣ እየተበታተነ የሚሄድ። ሻጋታ ነው። እርጥበት ቦታ ተቀምጦ የከረመ ሌንስ ምልክት ነው። ብርሃኑን ያደበዝዘዋል፣ ማስጸዳቱም ከሌንሱ ዋጋ ጋር ይጠጋጋል። አሳየሁት። ልጁ አላወቀም ነበር፤ ደነገጠ።

«መጨረሻው ስንት ነው? አካሉን ብቻ ነው የምወስደው።»

46 ሺህ ከነሌንሱ ብሎ የጀመረው አካሉን ከነባትሪና ቻርጀሩ በ38 ሺህ ሰጠኝ። ቻርጀሩ የካኖን የራሱ ነው። ሌላው ሻጭ ጋ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 አገኘሁ፤ የ2015ቱ ዓይነት፣ አፉ ብረት የሆነው። ከእሱ በፊት የነበረው አፉ ፕላስቲክ ነበር። በእጅ ባትሪው አየሁት፤ ንጹሕ ነው። 14 ሺህ ብር።

ታኅሣሥ መጨረሻ

18 ሺህ ብር ቀረኝ። 18-55 ከአያ በ3 ሺህ ወሰድኩ፤ እሳቸው ሁለት ነበራቸው። ለማድ ቤት አይሆንም፣ ለአውድማና ለገበያ ግን ስፋት ይሰጠኛል። 24ቱን ሌንስ በዚህ ገንዘብ አላገኘሁትም፤ ይጠብቅ።

ረጅሙ ሌንስ ላይ ብዙ አሰብኩ። 55-250 የሚባለው የካኖን ርካሽ ዙም ጫፉ ላይ ኤፍ 5.6 ነው። ያ ማድ ቤት ውስጥ የገደለኝ ቁጥር ራሱ ነው። ታዲያ ለምን እገዛዋለሁ? አውድማው መለሰልኝ።

አያ የሚያውቁት አንሺ ሌንሱን ለሙከራ ሰጠኝና ውቂያ ላይ ይዤው ወረድኩ። የታኅሣሥ ሰማይ ደመና የለውም። በዚህ ብርሃን፣ አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 5.6 ላይ ፍጥነቱ ወደ 1/1600 ሰከንድ ይወጣል። በሬዎቹ ሲያበራዩ ኮቴያቸው ሥር የሚረጨው ጭድ አንድ በአንድ ቆመ። ሰዎቹ በመንሽ ወደ ላይ ሲሰዱት ገለባው ወደ ነፋሱ፣ ጤፉ ወደ ምድር ሲለያይ ታየ። በስልክ ጭስ የነበረው ሁሉ። በጋ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ይህ ሌንስ ምንም አይጎድለውም። 250ውም በዚህ ሴንሰር ላይ እንደ 400 ያቀርባል።

ለኔ ነገሩ የጠራው እዚህ ላይ ነው። እኛ ሁለት ብርሃን አለን። የማድ ቤትና የቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨለማ አለ፣ የበጋ ሜዳ ፀሐይ አለ። ለጨለማው በሰፊው የሚከፈት አጭር ሌንስ ያሻል። ለፀሐዩ ርካሹም ረጅም ሌንስ ይበቃል። ለሁለቱም የሚሆን፣ ረጅምም በሰፊው የሚከፈትም ሌንስ አለ፤ ግን እሱ ብቻውን ከኔ ሙሉ በጀት በብዙ ይበልጣል።

55-250ውን ከአንሺው በ12 ሺህ ገዛሁት። የቀረው 3 ሺህ ለ32 ጊጋባይት ካርድና ለትንሽ ቦርሳ ሄደ።

ጥር፣ ከጥምቀት ማግስት

ነጠላውን የፈተንኩት ከተራና ጥምቀት ላይ ነው። ካሜራ ብርሃን ሲለካ ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ክፈፉ በነጭ ልብስ ከሞላ በዛ ብሎ ይታየውና ያጨልማል፤ ፊቱ ይጠቁራል። አንዲት ባለ ነጠላ ሴት ጥላ ባለው ዛፍ ሥር ከቆመች ደግሞ ጨለማው ያታልለውና ያበራል፤ ነጠላው ይቃጠላል። ስልኬ ላይ ሁለቱም ዓይነት ብልሽት የነበረው ለዚህ ነው።

አሁን የብርሃን ልኩን በእጄ አስተካክላለሁ። ሕዝቡ ሁሉ ነጭ ሲሆን ወደ ላይ አንድ ደረጃ፣ ብቻዋን ስትሆን ወደ ታች። ካነሳሁ በኋላ ስክሪኑ ላይ የተቃጠለው ቦታ ብልጭ ድርግም ይላል፤ የጥበቡ ጥልፍ ላይ ካላለ ደህና ነው። ፎቶውን በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባልጨመቀውና ባላስተካከለው ጥሬ ፋይል፣ አነሳዋለሁ፤ አንዱ ወደ 24 ሜጋባይት ይሆናል። ካኖኑ ጥላው ላይ ደካማ መሆኑን አውቄ ስለገዛሁት ፊቱ ከመጀመሪያው እንዲበራ አደርጋለሁ እንጂ በኋላ አልስበውም። የከተራ ዕለት ታቦታቱ ሲወርዱ የነበረው የአመሻሽ ብርሃን ግን ምንም ማስተካከያ አልፈለገም። እኩለ ቀን ላይ ያነሳኋቸውን ብዙዎቹን ትቼ የዚያን ሰዓቶቹን አስቀመጥኩ።

ጥር፣ ከእንጅባራ ስመለስ

ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል። በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፌ ደረስኩ። ከመስከረም ጀምሮ «እንቅስቃሴ» እያልኩ የጻፍኩት ግማሹ ይህን እያሰብኩ ነበር።

ፈረሶቹ በተዥጎረጎረ ጌጥ ተሸልመው ሲጋልቡ ለማሰብ ጊዜ የለም። ማስተካከያው ቀድሞ ማለቅ አለበት። ፎከሱን የሚከታተለው ላይ፣ ፍጥነቱን 1/1000 ላይ፣ ተከታታይ ማንሻው ላይ አደረግኩ። በሮው ካነሳሁ ከ6 ያህል ፎቶ በኋላ ካሜራው ይሞላና ይጠብቃል፤ ፈረስ ደግሞ አይጠብቅም። ለዚህ ቀን ብቻ ፋይሉ ተጨምቆ ወደሚያንስበት ጄፔግ ቀየርኩ፤ ሳይቆም ብዙ ያነሳል። 700ዲው የመሐሉ ነጥብ ብቻ ሳይሆን የጎኖቹም ይይዙለታል። ፈረሱን ወደ ክፈፉ ግራ አድርጌ፣ ከፊቱ የሚሮጥበት ሜዳ ትቼለት ማንሳት ቻልኩ።

ሁሉም አልተያዘም። ፊት ለፊት እየገሰገሰ የሚመጣን ፈረስ የዚህ ሌንስ ፎከስ ይዘገይበታል፤ ከአቧራው ውስጥ ሲወጣ ደግሞ አቧራውን ይይዛል። በጎን ለጎን የሚያልፈውን ግን በደንብ ይይዛል። ስለዚህ ቦታዬን ቀይሬ ከጎን ቆምኩ። አንድ ጊዜ ፍጥነቱን ወደ 1/60 አውርጄ ካሜራውን ከጋላቢው ጋር አብሬ አዞርኩት፤ ፊቱ ጠርቶ ሜዳው መስመር ሆነ። ካነሳኋቸው የወደድኩት እሱን ነው። በጥንቃቄ ሌንስ የምቀይርበት ንጹሕ ቦታ ስላልነበረ ቀኑን ሙሉ 55-250ው አልወረደም። አቧራ ባለበት ሌንስ አይወልቅም።

ባትሪዬ ከሰዓት በኋላ አለቀ። የአያ ሁለት ኤልፒ-ኢ8 ኪሴ ውስጥ ነበሩ።

የካቲት

አሁን ያለው ሥራ ማኖር ነው። በበጋው የገባውን አቧራ በአየር መንፊያ አስወጣሁ፤ በአፍ አይነፋም፣ ምራቅ ይረጫል። የቀሩት ነጥቦች ሰማይ ላይ ኤፍ 16 ካልተጠቀምኩ አይታዩም፤ ስለዚህ ሴንሰሩን አልነካሁትም።

ለክረምቱ ከአሁኑ እየተዘጋጀሁ ነው። ያ ሻጋታ የነበረበት ሌንስ ከዓይኔ አይጠፋም። የኛ ሰኔና ሐምሌ ቤት ውስጥ እንኳ ልብስ አይደርቅበትም። ክዳኑ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ገዛሁ። ውስጡ ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አደርጋለሁ። ከረጢቱ ሲጠግብ በለስላሳ ሙቀት ይደርቅና ተመልሶ ይሠራል። ሌንሶቹን የቆዳ ቦርሳ ውስጥ ዘግቶ ማክረም የለም፤ ቆዳ ራሱ እርጥበት ይይዛል። በየጊዜውም እየወጡ ብርሃን ያገኛሉ።

ፎቶዎቹ እየታተሙ ነው። የአክስቴ፣ የውቂያው ሰዎች፣ የከተራዎቹ። አያ ወረቀቱን በዋጋው አደረጉልኝ። አክስቴ የእጇን ፎቶ አይታ «ይኸ የኔ ነው?» አለችና ፊቷ ያለበትን ሳይሆን ያንን መረጠች።

24ቱን ሌንስ እየፈለግሁ ነው። የማውቃቸውን ሻጮች ሁሉ ጠይቄያለሁ። ያለው ሰው የዛሬ ቀን የተጻፈበትን ወረቀት አብሮ አንስቶ ይላክልኝ።